ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ሰፈር

ትናንት ማታ ከእማዬ ጋር አልበም ይዘን ተቀመጥን። ገና ሦስት ገጽ ሳንገልጥ አንድ ፎቶ ላይ ቀረን። የሰርጓ ዕለት በር ላይ ቆመው የተነሱት ነው። እኔ እንደ ሁልጊዜው ፊቷን አያለሁ። እሷ ግን ራሷን አላየችም። ጣቷን ከአጎቴ ትከሻ በላይ አሳረፈች።

«አየሽ፣ አጥሩ ገና እንጨት ነው» አለችኝ። «ግንቡ የመጣው አንቺ ከተወለድሽ በኋላ ነው።»

ይህን ፎቶ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አጥሩን ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ሰሞኑን የድሮ ሰፈር ፎቶዎች አእምሮዬን ይዘውታል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሩቅ አገር ከተሞችን ሳይቀር እያገላበጥኩ አነጋለሁ። አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳዝነኛል። ብዙ ሰፈር በሥርዓት ፎቶ የተነሳው ሊፈርስ ሲል ነው።

ፓሪስን ብናይ፣ አስተዳዳሪዋ ባሮን ኦስማን ከተማዋን አፍርሶ በሰፋፊ መንገዶች ሲሠራት፣ የከተማው አስተዳደር ሻርል ማርቪል የሚባል ፎቶ አንሺ ቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሰውየው የሚፈርሱትን ጠባብ መንገዶች ቀድሞ እየደረሰ አነሳቸው። ፎቶዎቹ በጣም ጥርት ያሉ ናቸው። የድንጋዩ ንጣፍ ርጥበት ያንጸባርቃል፣ በመንገዱ መሃል የሚወርደው የፍሳሽ ቦይ ይታያል፣ ግድግዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። በስኮትላንዷ ግላስጎው ውስጥም ፎቶ አንሺው ቶማስ አናን የድሮውን ከተማ ጠባብ መተላለፊያዎች ያነሳው ከ1868 እስከ 1871 ነው። ያዘዘው ሰፈሩን ለማፍረስ የተቋቋመው የከተማው ማሻሻያ አካል ነበር። እዚያ ሰዎች አሉ። ነገር ግን መተላለፊያው ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ብርሃን እስኪጠግብ ረጅም ጊዜ ይፈልግ ነበር። ዝም ብለው የቆሙት ትልልቆች ቀርተዋል። መቆም ያልሆነላቸው ልጆች ጭስ መስለዋል።

እነዚያን ልጆች አጉልቼ አጉልቼ አየኋቸው። አንዱ እግሩ ብቻ ነው የቀረው።

የሰው መጥፋት ከመጀመሪያውም ነበር። ከፎቶ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር በ1838 ከመስኮቱ ሆኖ የፓሪሱን ቡልቫር ዱ ታምፕል አነሳ። መንገዱ ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ነበር። ሥዕሉ እስኪያዝ ግን ደቂቃዎች ስለሚፈጅ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይመዘገብ አለፈ። ጥርት ብሎ የቀረው አንድ ቦታ ላይ የቆየው ሰው ነው፤ ጫማውን ሊስትሮ እያስጠረገ። በፎቶ ታሪክ መጀመሪያ የታየው ሰው እሱ ነው ይባላል። ማንነቱ አይታወቅም። እኔ እንደውም ከሱ ይልቅ ስለ ሊስትሮው ነው የማስበው። ጎንበስ ብሎ ሲሠራ በጭላንጭል ነው የሚታየው። ያ ሁሉ ባለ ሠረገላ ጠፍቶ እሱ ቀርቷል።

ልቤን ያረጋጋው የኒውዮርክ የግብር ፎቶ ነው። ከተማዋ ከ1939 እስከ 1941 በአምስቱም ክፍሎቿ ያሉትን ሕንፃዎች አንድ በአንድ አስነሳች። ከ700,000 በላይ ፎቶ ነው። ዓላማው የቤቱን ግምት ማውጣት ብቻ ነበር። በየቤቱ ፊት የቦታው ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ይቆማል፣ ከዚያ ቀጭ! ውበት ያሰበ የለም። ሰፈር እንዲህ ተራ ሆኖ፣ ሳይፈርስም ሳይመረቅም፣ ማክሰኞ ቀን እንደሚውለው ሆኖ ሲነሳ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሟል። ልጆች ሰሌዳውን ከበው ያያሉ። ልብስ ተሰጥቷል። ማንም ፎቶ ሊነሳ ብሎ አልወጣም።

የእማዬ አልበም ለኔ እንደዚያው ነው። መንገዱን ላንሳው ብሎ ያነሳ የለም። መንገዱ ከሰው ኋላ ሾልኮ ገብቶ ቀረ እንጂ።

ስለዚህ ትናንት ፎቶዎቹን ከጀርባቸው ማንበብ ጀመርን። አብዛኞቹ ቀን የላቸውም። በሩ አጠገብ ያለችው ዛፍ አዳነችን። በሰርጉ ቀን ከእማዬ ትከሻ አትበልጥም። ወንድሜ ዳዴ ሲል በተነሳው ላይ ጣሪያውን ነክታለች። የኔ የምረቃ ፎቶ ላይ ጉቶ ናት። ከዚያ የመብራት ምሰሶው አለ። አንዱ ፎቶ ላይ የለም፣ ቀጥሎ የእንጨት ሆኖ ይመጣል፣ በኋላ ኮንክሪት ይሆናል። ወለሉ ላይ በተርታ ደረደርናቸውና አንድ በር ሠላሳ ዓመት ሲያረጅ አየን።

እማዬ ደግሞ ፎቶው የማያሳየውን ትጨምርልኛለች። «ከዚህ ግንብ ጀርባ ውሃ ነበረ፣ ወረፋው እስከዚህ ይደርስ ነበር» ትላለች፣ ጣቷ ከፎቶው ጠርዝ ወጥቶ ወለሉ ላይ እየሄደ። አልበሙን ብቻዬን ሳየው ይሄንን ከየት አገኘዋለሁ? ይህ ያስፈራኛል፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ ለስላሳ እርሳስ አምጥቼ ከየፎቶው ጀርባ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ፣ እሷ ስትል እየጻፍኩ አመሸሁ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ሊያልፍ ስለሚችል ነው እርሳስ የመረጥኩት።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቸገርን። በሰርጉ ፎቶ ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ክንድ አለ። ባልዲ የያዘ ቀጭን ክንድ ነው። የቀረው አካል ከፎቶው ውጭ ነው። እማዬ መነጽሯን አውልቃ መልሳ አደረገች፣ ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጋችው። «አላውቃትም» አለች፣ ከፍቷት። አራት ቃል ጽፌ ተውኩት፦ «ባልዲ የያዘች፣ ስሟ ያልታወቀ»።

ዛሬ ጠዋት ገና ሳልነሳ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመችም።

«ከማዶ ያለችው፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። የሰርጉን ውሃ ሁሉ የቀዳችው እሷ ናት። ስሟን ጻፊው፣ እነግርሻለሁ።»

እርሳሱን ፈልጌ ተነሳሁ።