ኮንትሮልን ተጭነው ይያዙ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የስምሪት ኃላፊው ናቸው፤ ቢሮው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ሰላምታም ሳያስቀድሙ «ልጄ፣ የሹፌሮቼን መኪና የት አደረስከው?» አሉኝ።

ለአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት በጃንጎ (ድረ ገጽ መሥሪያ የፓይተን ማዕቀፍ ነው) የሠራነው ሲስተም ነው። አንድ ሹፌር ብዙ መኪና ላይ ይመደባል፣ አንዱን መኪና ብዙ ሹፌር ይፈራረቅበታል፤ ያው ሜኒ ቱ ሜኒ። ጋሼ አራት አዲስ ሹፌሮች መዝግበዋል፣ ታርጋ መርጠውላቸዋል፣ ሴቭ ብለዋል። ሹፌሮቹ ገብተዋል፤ መኪና ግን የላቸውም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ጥፋቱን በእሳቸው ጣት አሳበብኩ። የፎርሙ ዝርዝር ከአንድ በላይ የሚያስመርጠው ኮንትሮልን ተጭነው ሲይዙ ብቻ ነበርና፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በስልክ አስተማርኳቸው።

«ጋሼ፣ ኮንትሮል የምትለዋን ተጭነው ይያዙ። ሳይለቁ ሁለተኛውን ታርጋ ይምረጡ።»

«ይዣለሁ።»

«አሁን ሴቭ ይበሉ። ምን አለዎት?»

«‹በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል› አለኝ።»

«በቃ፣ ገባ ማለት ነዋ!»

ገጹን መልሰው እስኪከፍቱት ዝም አሉ። «አልገባም። ይኼን ‹በተሳካ ሁኔታ› የሚለውን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ከኮንትሮል በፊት እሱን እንነጋገር።»

እኔ ግን ገና አልተሸነፍኩም። በጃንጎ አድሚን፣ ማለትም ጃንጎ ራሱ በሚሰጠው የአስተዳዳሪ ገጽ፣ ገብቼ ያንኑ ሹፌር ከሁለት መኪና ጋር መዘገብኩ። ገባ! «እኔ ጋ ይሠራል» ብዬም በጽሑፍ ላክሁ፤ መልእክቱ ዛሬም አለ፣ ማጥፋት አልተቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከ11 ቀን በፊት ሥራ አስኪያጁ «ማን እንደመዘገበ ይታወቅ» ስላሉ፣ የመዝጋቢውን ስም ልጨምር ብዬ የፎርሙን ሴቭ በኮሚት ፎልስ አድርጌው ነበር። ኮሚት ፎልስ ማለት «አዘጋጅተህ ስጠኝ፣ እኔ ራሴ አስቀምጠዋለሁ» ማለት ነው። ሹፌሩ ዳታቤዝ ሳይገባ መለያ ቁጥር የለውም፤ መለያ ቁጥር ከሌለው ደግሞ ሹፌርንና መኪናን በሚያገናኘው መሃለኛ ቴብል ላይ ከመኪና ጋር የሚያያዝበት የለም። ስለዚህ ጃንጎ ግንኙነቱን ያቆየውና፣ ሹፌሩን ሴቭ ካደረግክ በኋላ ሴቭ ኤም ቱ ኤም የምትባለዋን እስክትጠራለት ይጠብቃል። እኔ አልጠራሁም። አድሚኑ ግን ራሱ ይጠራታል፤ «እኔ ጋ» የሠራው ለዚያ ነው። በእጄ ባልተቀመጠ ሹፌር ላይ መኪና ልጨምር ብል ኖሮ በኤረር ይጮህብኝ ነበር። በፎርም በኩል ስትመጣ ግን ዝም ነው። የነባሮቹ ምደባ ስላልተነካ ዝርዝሩ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ 11 ቀን ያለፈውም በዚሁ ነው።

ያንን የኮድ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አይቶ ያጸደቀልኝ ባልደረባዬ ስብሰባ ላይ «እኔ እኮ ያኔም ትንሽ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ጥርጣሬውን የት አስቀምጦት እንደነበር አልጠየቅኩትም። ከኮዱ ሥር ያለችው «ይለፍ» የምትለዋ የእሱ አውራ ጣት ናት፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። የጠፋውን መመለስ ግን ሌላ ጉድ ወለደ። ጋሼ የየቀኑን የስምሪት ወረቀት አስቀምጠው ስለነበር፣ ባልደረባዬ ከወረቀቱ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ ስክሪፕት ጻፈ። መኪኖቹን በአድ መጨመር ሲገባው በሴት ተካቸው (የጃንጎዋ ሴት ናት፣ እህቶቻችን አይቀየሙ)። ሴት የተሰጣትን ትይዝና የቀረውን ትነቅላለች። የማክሰኞ ወረቀት የሰኞን ነቀለ፣ የረቡዕ የማክሰኞን፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ሹፌር የመጨረሻ ቀን መኪናውን ብቻ ይዞ ቀረ። የእኔ ስህተት እንኳ ያልነካቸው ነባሮቹም አብረው ሄዱ። ከባክአፕ ስንመልስ አደርን።

የእሱን ስክሪፕት አይቶ አውራ ጣት የሰጠው ማን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አስፈላጊ አይመስለኝም።

አሁን ቴስት፣ ማለትም ኮዱን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ፣ አለን፤ መዝግቦ፣ ከዳታቤዝ መልሶ አንብቦ፣ መኪኖቹን ይቆጥራል። ጋሼ ግን በቴስት አያምኑም። አዲስ ሹፌር ባስገቡ ቁጥር ይደውላሉ፦ «ገብቷል?» እኔም ቴብሉን ከፍቼ በዓይኔ አይቼ «ገብቷል፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ዝርዝሩን በቼክ ቦክስ ከቀየርነው ቆየ፤ ኮንትሮል ለምንም አታስፈልግም። ባለፈው ቢሯቸው ስሄድ ግን በቀኝ እጃቸው ታርጋ እየመረጡ፣ በግራ እጃቸው ጠበቅ አድርገው ይዘዋታል። አልነገርኳቸውም።