የካምፓሱን ዋይፋይ ሕንፃ በሕንፃ ስንቀይር

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ካምፓስ አይሲቲ ክፍል ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ልተወው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። የግቢውን ዋይፋይ ለመቀየር ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል። ሁሉንም በአንዴ የምንቀይርበት ገንዘብ ስላልነበረን በየተራ ነው የሄድነው፦ በጀት ሲገኝ አንድ ሕንፃ፣ ሲጠፋ ቁጭ። አሁን ሌላ ቦታ ያሉ ጓደኞቼ ይህንኑ ሥራ ሊጀምሩ ነውና የተቃጠልንበትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው ሰኔ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል “ገንዘብ ተርፏል፣ ምን ትፈልጋላችሁ?” ተባልን። ሰኔ 30 ካለፈ ብሩ ተመላሽ ነው፤ መንግሥት ቤት የሠራ ያውቀዋል። ተሯሩጠን ዋይፋይ 6 የሚባሉትን አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች (ዋይፋይ የሚረጩትን ዕቃዎች) ገዛንና ላይብረሪው ጣሪያ ላይ ደረደርናቸው። ነጭ፣ ክብ፣ ያምራሉ። ተማሪው ተመልሶ ሲገባ ግን ፍጥነቱ ያው የድሮው ሆነ። እንዲያውም አንዳንዱ “ባሰበት” አለን።

ሁለት ሳምንት አፍጥጠን ያገኘነው ነገር ያሳፍራል። ምድር ቤት ቁምሳጥን ውስጥ የተረሳ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ነበር፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ። የሙሉ ላይብረሪው ትራፊክ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። መስመሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ ጫፉ ላይ ትልቅ ቧንቧ ገጥመን ውሃ ስንጠብቅ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ስዊቹ በኔትወርክ ገመዱ መብራት የማይልክ ስለነበር ለእያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት የግድግዳ አዳፕተር ሰክተናል። አንድ ጥግ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ይሞታል። ለካ ጽዳት የሚሠሩ እናት እየነቀሉት ነው። ስጠይቃቸው “ውይ ልጄ፣ ሰው ረስቶት የሄደ ቻርጀር መስሎኝ” አሉኝ። ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ገመድና ስዊች ሳይቀየር አክሰስ ፖይንት አይሰቀልም ብለን ወሰንን። መብራት የሚልኩ ስዊቾች ስትገዙ ደግሞ “ፒኦኢ አለው” (በኔትወርክ ገመዱ መብራት ይልካል ማለት ነው) የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ፖርት (የገመድ መሰኪያ) 15.4 ዋት ነው የሚሰጠው፣ ተከታዩ 30 ዋት። ብዙ አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች በትንሹ ኃይልም ይበራሉ፤ ግን ጉልበታቸውን ቀንሰው ነው የሚሠሩት። አረንጓዴ መብራት አይታችሁ ትሸወዳላችሁ። የስዊቹን ጠቅላላ ዋትም ደምሩት፣ ሁሉም ፖርት በአንዴ ሙሉውን ላያገኝ ይችላል።

መብረቁ የመጣው በሁለተኛው ክረምት ነው። ከላይብረሪው ወደ ጎረቤት ሕንፃ በዛፍ ሥር የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ነበረን፤ ርቀቱ 100 ሜትር ስለማይሞላ በደንቡ ምንም ጥፋት የለበትም። ሐምሌ ላይ ማታ ማታ ከጣና በኩል ነጎድጓዱ ሲመጣ መስኮት ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ስዊቾች ተቃጥለዋል፣ ሽታው ኮሪደር ድረስ ወጥቷል። መብረቁ ገመዱን ራሱን መምታት የለበትም፤ አጠገብ ቢወድቅ እንኳ በረጅም መዳብ ላይ የሚፈጥረው ግፊት ዕቃ ለመጨረስ ይበቃዋል። አሁን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የምንዘረጋው ፋይበር፣ ማለትም በብርሃን የሚሠራ የመስታወት ገመድ ብቻ ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዋጋው ከሁለት ስዊች ያንሳል፣ ቀድመን ብናስበው ኖሮ።

በየፎቁ ስዊች ላይ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ማድረጉንም የተማርነው ዘግይተን ነው። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ስዊቹና አክሰስ ፖይንቱ ጠፍተው እንደገና እስኪነሱ ግን ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። ተማሪው “መብራት መጥቶ ዋይፋይ የለም” ሲል እኛን ነው የሚሰድበው።

ስለ አይፒ አድራሻ (እያንዳንዱ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ቁጥር) ማለቅ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ከሲግናል ጋር ያምታታዋል። ስልኩ ሲግናል ሙሉ ያሳያል፣ ግን አይገባም። ለላይብረሪው የመደብነው የአይፒ ክልል 254 አድራሻ ብቻ ነበር። አንድ ተማሪ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ አድራሻውን የሚያድለውን ዊንዶውስ ሰርቨር ካልነካችሁት አንዴ የሰጠውን አድራሻ 8 ቀን ይይዝለታል፤ ኮሪደሩን አቋርጦ ካፌ የሄደ ልጅ ሳይቀመጥ አድራሻ ወስዶ ሄደ ማለት ነው። ክልሉን ወደ 2046 አሰፋን፣ ጊዜውን ወደ ሁለት ሰዓት አወረድን። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ስድቡ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

ድሮ ደግሞ ተማሪ የምናስገባው የስልኩን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን መለያ ቁጥር) መዝግበን ነበር። አንድሮይድ 10 እና አይኦኤስ 14 ከመጡ ወዲህ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ስም የተለያየ የይምሰል አድራሻ ይሰጣሉ። መዝገባችን ቆሻሻ ሆነ። በየሕንፃው የተለያየ ስም ስለነበረን አንዱ ስልክ አምስት ስልክ መስሎ ይታያል። ስሙን አንድ አድርገን መግቢያውን በተማሪው መለያና የይለፍ ቃል ቀየርነው።

ስሙን አንድ ስናደርግ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ታችኛው ፎቅ አዲስ፣ ላይኛው አሮጌ ነበር። ስልክ አንዴ የያዘውን ቶሎ አይለቅም፤ ልጁ ደረጃ ወርዶ ከአዲሱ ሥር ተቀምጦ እንኳ የላዩን አሮጌ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ስለዚህ ፎቅ በፎቅ አትቀይሩ። ሕንፃውን ጨርሱ፣ አሮጌውን በዚያው ቀን አውርዱ፣ “ለመጠባበቂያ ይቆይ” የሚል አለቃ ቢመጣም እንቢ በሉ።

ዶርሙ ከሁሉ ከባዱ ነው። የብረት አልጋ፣ የብረት ሎከር፣ በዚያ ላይ የየልጁ ሆትስፖት። መጀመሪያ ኮሪደር ላይ ሰቀልን፤ አክሰስ ፖይንቶቹ በረጅሙ ኮሪደር እርስ በርስ እየተያዩ ሲረባበሹ ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ምንም አያገኝም። ከፕሮክተሩ ጋር ተነጋግረን ወደ ክፍሎቹ አስገባናቸው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች (የሬዲዮ መንገዶች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ በአንዳንዶቹ ላይ 2.4ን ጭራሽ አጠፋነው። በ5 ጊጋኸርዝም “ሰፊ ይሻላል” ብለን የቻናሉን ስፋት 80 ሜጋኸርዝ አድርገን ነበር፤ ወደ 20 ስናወርደው ነው ሰላም ያገኘነው። አንድ ስልክ ላይ ስትለኩት ቁጥሩ ያንሳል፣ ሁሉም በአንዴ ሲጠቀም ግን ለሁሉም ይዳረሳል።

ሲግናሉ የት እንደሚደርስ በካርታ የምታወጡበትን ልኬታም ነሐሴ ላይ ባዶ ግቢ ውስጥ አትሥሩት። እኛ ሠርተን ተሸውደናል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ሲግናል ይውጣል፤ አዳራሽ ሲሞላ ካርታችን ሁሉ ውሸት ሆነ።

የቀረን ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ያለው መቀመጫ ነው። ተማሪ የሚያጠናው እዚያ ነው፣ ነፋሻ ነው። ቦታውን ስለካ የጥበቃው አባት መጥተው “ልጄ፣ እዚህ ዋይፋይ ካመጣህማ ማታ ማን ያስወጣቸዋል?” አሉኝ። ተመካከርንና ምሰሶው ከጥበቃ ቤቱ ጎን እንዲቆም ተስማማን፤ ማታ አራት ሰዓት ላይ የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው።