የትኛው ከፍተኛ?

ጋሼን ያወቅኳቸው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። ደንበኛ ቁልፉን ሲያስረክበን መኪናውን ወደ ምድር ቤት እናወርዳለን፤ ሲመለስ ሮጠን እናመጣለታለን። ጋሼ ግን አይሮጡም። ትኩስ አመድ እንደሚረግጥ ሰው በእግራቸው ዳርና ዳር ይራመዳሉ፤ ቆመው መቆየትም አይሆንላቸውም። አለቃችን ስንፍና መስሎት ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎባቸዋል። እኔ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ ነበር።

ወፌ ላላ ነው። እጅና እግርን አስሮ፣ በጉልበት ሥር እንጨት አሳልፎ፣ ዘቅዝቆ ሰቅሎ ውስጥ እግርን መግረፍ። በ1970 ዓ.ም.፣ በደርግ የቀይ ሽብር ጊዜ፣ ጋሼ የ19 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ (የቀበሌዎች የበላይ ወደሆነው አስተዳደር እስር ቤት)፣ ከከፍተኛ ወደ ከርቸሌ እየተዛወሩ፣ አንድም ቀን ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ አራት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ፤ ከዚያ አሜሪካ። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አልነገሩኝም። ለዓመታት ቁርጥራጩን እየለቀምኩ ነው የገጣጠምኩት።

ግርፋቱን ሲያወሩ አንዳንዴ ይስቃሉ። የማይስቁት የታላቅ ወንድማቸው ነገር ሲነሳ ነው። ሁለቱም በአንድ ከፍተኛ ታስረው ሳለ ወንድምየው ሌሊት በስሙ ተጠርቶ ወጣ። በማግስቱ እናታቸው የሁለት ልጅ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ጥበቃው አንዱን ሳህን መለሰላቸው። "ይህ አያስፈልግም" አላቸው። በቃ፣ መርዶው ይኸው ነው። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም፤ ጮኾ ማልቀስም አይቻልም ነበር።

ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው ያለፈውን እዚያው ጥሎት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ገራፊውም በዚያው በስደት መንገድ እንደሚመጣ አላሰብኩም። አትላንታ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት በአስተናጋጅነት በምትሠራበት ሆቴል፣ ያስገረፋት ሰው እዚያው ተቀጥሮ አገኘችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከስሰው በ1985 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደላቸው። ዴንቨር ውስጥም የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው በሌላ ሰው ስም ሲኖር የቀድሞ እስረኛ ለየው። በግንቦት 2006 ዓ.ም. 22 ዓመት ተፈረደበት፤ ያውም ስለ ግርፋቱና ስለ ግድያው ሳይሆን፣ ዋሽቶ ዜግነት በመውሰዱ።

የዴንቨሩን ዜና ለጋሼ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

"የትኛው ከፍተኛ?" አሉ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

"15።"

ቁጭ አሉ። "የእኔ አይደለም።" ሎተሪ በአንድ ቁጥር ያመለጠው ሰው ይመስሉ ነበር። አዲስ አበባ ያን ጊዜ 25 ከፍተኛ ነበራት። ዕድሜው የገፋ አበሻ ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ ቁልፉን ከመቀበላቸው በፊት ፊቱን ለምን እንደሚያጠኑት የገባኝ ያን ቀን ነው።

እኔም ያልነገርኳቸው ነገር ነበረኝ። አባቴ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ነበር። ቤታችን ግድግዳ ላይ ጠመንጃ ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍ ነበር፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ፎቶግራፉ ጠፋ፤ የተሰቀለበት ቦታ ግን ከሌላው ግድግዳ ነጥቶ ለብዙ ጊዜ ታየ። ልጅ ነበርኩ፤ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም አባትህ ምን ይሠራ ነበር ሲሉኝ "ነጋዴ" እላለሁ። በኋላ ነግዷልና ውሸት አይባልም።

አምና በረዶ ጥሎ ደንበኛ በጠፋበት ሌሊት ለጋሼ ነገርኳቸው። ለምን ያን ሌሊት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጮኹም። ማሞቂያው ላይ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

"የትኛው ከፍተኛ?"

ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

"የእኛ አዋሳኝ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሌሊት የሚመጣው ጭነት መኪና ከሁለቱም ይጭን ነበር። አባትህ በሕይወት አለ?"

"አለ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጠይቅልኝ። መኪናው በየት በኩል ይሄድ እንደነበር ብቻ። ሌላ አልፈልግበትም።"

እሑድ ደወልኩ። አባቴ ስለ ብርዱ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ። ከዚያ እኔ ጠየቅኩት።

"ልጄ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ አይሰማኝም" አለኝ። ከበስተኋላው እናቴ ማንኪያ ስታማስል ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ ማታ ሥራ ስገባ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።