ከወንበር እስከ መድረክ፦ የሽልማት ምሽትን በጣና ዳር ለቴሌቪዥን ስናዘጋጅ

ለመጀመሪያው ዓመት የሽልማት ምሽት ያዘጋጀሁት የፕሮግራም ቅደም ተከተል ሦስት ገጽ ሲሆን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ የታሰበ፣ 12 ዘርፎችና 4 የመድረክ ሥራዎች ያሉት፣ እያንዳንዱ መስመር ከነደቂቃው የተጻፈበት ወረቀት ነው። ለአንድ ዘርፍ 4 ደቂቃ መድቤ ነበር፤ እጩዎችን ለሚያስተዋውቀው ቪዲዮ 1 ደቂቃ ተኩል፣ ሸላሚው ፖስታውን ከፍቶ ስም እስኪጠራ 1 ደቂቃ፣ ለአሸናፊው ንግግር 1 ደቂቃ ተኩል። ድምሩን ሦስት ጊዜ አጣርቼ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስሙ የተጠራው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ መድረክ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ግን የትኛውም ገጽ ላይ አልነበረም።

በባሕር ዳር ስሙ የተጠራ ሰው ኮቱን ቆልፎ በቀጥታ ወደ መድረክ አይወጣም። መጀመሪያ በግራና በቀኝ ያሉትን አቅፎ ይስማል፤ ከኋላ የተቀመጠ ወዳጁ እጁን ከዘረጋ ተመልሶ ይጨብጣል፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን አባቶችና እናቶች ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሳይሳለም፣ አንዳንዱም ጉልበት ሳይስም አያልፍም። በኋላ ቀረጻውን በሰዓት ስለካው አጭሩ ጉዞ 35 ሰከንድ፣ ረጅሙ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት። አማካዩ 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር፤ ይህ በ12 ዘርፍ ሲባዛ፣ የመመለሻው ሳይቆጠር፣ 14 ደቂቃ ይሆናል። የአዳራሽ ጭብጨባ ከ10 ሰከንድ በላይ እምብዛም አይዘልቅም፤ ለባንዱ መሪም በዚያ መሐል ምን እንደሚጫወት አልነገርነውም ነበርና ከጭብጨባው በኋላ በቴሌቪዥን የሚሰማው የጫማ ኮቴ ብቻ ነበር። እኔም ከካሜራዎቹ የሚመጣውን ምስል እየመረጥኩ ወደ አየር የማወጣበት መሣሪያ፣ ስዊቸሩ ፊት ተቀምጬ የምቀይርበት ምስል እያጣሁ ሦስት ጊዜ ያህል ያንኑ የሚስቅ ልጅ አሳየሁ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ መቁረጥ ጀመርን። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ልብሳቸውን ለብሰው ከመድረኩ ጀርባ በብርድ የቆሙ የእስክስታ ተወዛዋዦች ነበሩ፤ «ዛሬ ጊዜ አልበቃንም» የሚለውን ቃል የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አንዲቷ ልጅ ምንም ሳትመልስ ጌጧን ከአንገቷ እየፈታች ስትሄድ እስካሁን ትታየኛለች። እሱም አላዳነንም። የአየር ሰዓት የሰጠን ጣቢያ 4 ሰዓት ሲሆን በውላችን መሠረት ወደሚቀጥለው ፕሮግራም ተሻገረ፤ የመጨረሻውና ትልቁ ሽልማት ሲሰጥ በቤቱ ያለ ተመልካች ማስታወቂያ እያየ ነበር። አሸናፊው በማግስቱ «እናቴ ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤት ጠርታ፣ ቡና አፍልታ ስትጠብቅ ነው ያመሸችው» አለኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም።

ሌላው ጥፋታችን ቦታው ነበር። ምሽቱን ሐይቁ ዳር ባለ የአትክልት ስፍራ ያደረግነው ጣና ከመድረኩ በስተጀርባ እንዲታይ ብለን ነው። ቦታውን ለማየት የሄድነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን ውኃው ያብረቀርቅ፣ ታንኳዎቹም ከሩቅ ይታዩ ነበርና ሁላችንም በአንድ ቃል ተስማማን። በየካቲት ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ምሽት ቶሎ ይገባል። 2 ሰዓት ላይ ስርጭቱ ሲጀመር ከመድረኩ ጀርባ የነበረው ድፍን ጥቁር ነው። ተመልካቹ በጥቁር መጋረጃ ፊት የተደረገ ዝግጅት መስሎት ነበር። አሁን ቦታ ለመምረጥ የምሄደው ስርጭቱ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ካሜራ ይዤ ነው።

ጨለማውን ለማካካስ መብራት ስንጨምር ደግሞ የሐይቁ ትንኝ መጣ። ከውኃው የሚነሣው ትንኝ አይናከስም፤ ነገር ግን በነጭ መብራት ላይ እንደ ጭስ ይሰበሰባል፣ በካሜራ መስታወት ላይ ያርፋል፣ ሰው አፉን ሲከፍት ይገባል። የመድረክ አጋፋሪያችን የክብር እንግዳውን ስም አጋምሳ ሳለች አንዱ ገባባትና በአገር ፊት ሳል ያዛት። መፍትሔውን የነገሩን የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ «ልጆቼ፣ ለእነሱም መብራት ስጧቸው እንጂ፤ እናንተ ዘንድ የመጡት ሌላ ቦታ ስላጡ ነው» አሉን። ሁለት ነጫጭ ፓውዛዎች ወደ ውኃው ጠጋ፣ ከመድረኩ 40 ሜትር ራቅ አድርገን አበራን፤ የመድረኩንም ብርሃን ወደ ቢጫ አወረድን። ሙሉ በሙሉ ባይጠፉም ንግግር የሚያስደርግ ፋታ ሰጡን። ሐይቅ ዳር ዝግጅት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከዘበኞች ጋር ቢመክር ጥሩ ነው እላለሁ።

ስለ መብራት ኃይል ብዙ አልጽፍም፤ የማያውቀው የለም። ጀነሬተር መከራየት ብቻውን እንደማይበቃ ግን መናገር አለብኝ። መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ባለው የጥቂት ሰከንድ ክፍተት ስዊቸሩና የስክሪኑ መቆጣጠሪያ ጠፍተው እንደገና ለመነሣት ደቂቃዎች ይፈጃሉ። ስለዚህ ስዊቸር፣ ድምፅ ማቀላቀያና ኢንተርኮም (የሠራተኞቹ መነጋገሪያ) መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ በሚያስቀጥለው መሣሪያ፣ በዩፒኤስ ላይ መሆን አለባቸው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ምሽቱን ሙሉ በጀነሬተር ሠርቶ የመስመሩን መብራት ለመጠባበቂያ መያዝ ነው። በመብራቶቹና በኤልኢዲ ስክሪኑ ምክንያት በምስሉ ላይ የሚታየውን መንቀጥቀጥ በተመለከተ፣ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ፣ ቴሌቪዥናችንም በሰከንድ 25 ምስል ስለሆነ ሁሉም ካሜራ ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ ቢያደርግ አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

ብዙ ያሰብኩበት ግን ፖስታው ነው። የሽልማት ምሽት በቴሌቪዥን እንዲታይ የሚያደርገው ነገር ውጤቱን ማንም አለማወቁ ነው፤ ይህንንም ትልቁ የፊልም ሽልማት ራሱ የተማረው በጊዜ ብዛት ነው። የመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ሲካሄድ የሽልማቱ አሰጣጥ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ የፈጀ ሲሆን፣ አሸናፊዎቹም ከሦስት ወር በፊት ተነግረው ነበር። በኋላ ውጤቱ ለጋዜጦች አስቀድሞ ይሰጥ ጀመር፤ በ1940 አንድ ጋዜጣ ከሰዓቱ በፊት ስላወጣው እንግዶቹ አሸናፊውን አውቀው ገቡ። የታሸገ ፖስታ የመጣው ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1941 ነው። በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው በ1953 መሆኑን ስናስብ፣ ፖስታው ካሜራውን 12 ዓመት ቀድሞ ጠብቆታል ማለት ነው።

በአውሮፓውያኑ 2017 በኦስካር መድረክ የደረሰውን ስሕተት ብዙ ሰው ያስታውሳል። ከመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የሁሉንም ዘርፍ ፖስታ የያዙ ሲሆን፣ ለምርጥ ፊልም ሸላሚዎች የተሰጠው ጥቂት ቀደም ብሎ የተነገረው የምርጥ ተዋናይት ሁለተኛ ቅጂ ነበር። ካርዱ ላይ የዘርፉ ስም ከታች በትናንሽ ፊደል ስለተጻፈ ሸላሚዎቹ ግራ ተጋብተው ያዩትን የፊልም ስም አነበቡ፤ እርማቱ እስኪነገርም የተሳሳተው ፊልም ሰዎች መድረክ ላይ ሆነው ምስጋና ያቀርቡ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከአዘጋጆቹ አጠገብ የሚቀመጥ፣ አሸናፊዎቹን በቃሉ የሚያውቅ ሦስተኛ ባለሙያ ተጨመረ። ያንን ካነበብኩ በኋላ የእኛን ካርድ እንደገና ሠራሁት፤ የዘርፉን ስም ከላይ በትልልቅ ፊደል፣ የአሸናፊውን ስም ከነአባት ከሥሩ አደረግሁት፤ ፖስታውንም በአንድ ቅጂ ብቻ፣ በተራው ቁጥር፣ በአንድ ሰው እጅ አስያዝኩ። ዳኞቹን የሚያስተባብረው ሰው ከእኔ ኋላ ተቀምጦ ውጤቱን በወረቀት ይዟል፤ የተሳሳተ ስም ከተጠራ ትከሻዬን እንዲነካኝ ተስማምተናል።

እንዲህ ተጠንቅቄም ከኦስካር የማልማረው ችግር ገጠመኝ። በአንድ ዘርፍ የመጀመሪያ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴት እጩዎች ነበሩ። ሸላሚው ጨዋታ አዋቂ ሰው ስለሆነ ካርዱን አይቶ ስሟን ብቻ ጠራና ለማጓጓት ዝም አለ። ሁለቱም ተነሡ። ሁለቱም ተሳሳሙ፤ እያንዳንዷ ሌላዋ እንኳን ደስ ያለሽ የምትላት መስሏት ነበር። የአባት ስም እስኪጠራ ያለፈው አራት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ተመልሳ የተቀመጠችውን ልጅ ፊት ግን ካሜራ 3 በቅርበት ይዞት ነበር፣ እኔም አሳየሁት። የሸላሚውን ስሕተት በመመሪያ አረምነው፤ አሁን በልምምድ ጊዜ ሁሉም ሸላሚ ስምና የአባት ስም በአንድ ትንፋሽ እንዲጠራ እናደርጋለን። የእኔን ስሕተት ለማረም ግን መመሪያ አያስፈልግም ነበር፤ ያን ምስል አለመምረጥ እችል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወደ አዳራሽ ገባን። ሐይቁን ያሳየነው ጀምበር ስትጠልቅ በቀረጽነው የእንግዶች አቀባበል ነው፤ ስርጭቱም በዚያ ተከፈተ። ዘርፎቹን ወደ 10 አወረድን፤ በቅደም ተከተሉ ላይ «መንገድ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርኩና ለእያንዳንዱ ዘርፍ 70 ሰከንድ መደብኩበት። እጩዎችን በሙሉ መተላለፊያው ጠርዝ ላይ አስቀመጥን። መሳለሙን እናስቀር ያለ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ማስቀረት አይቻልም፣ አይገባምም። ይልቅ ታላላቆቹን በአንድ በኩል ብቻ፣ አሸናፊው በሚያልፍበት መንገድ ላይ አድርገን ካሜራ 2ን ከፊታቸው ተከልን። ባምናው ስርጭት ምን እንደማሳይ ያጣሁበት ጊዜ ዘንድሮ ከምሽቱ ሁሉ የምወደው ምስል ሆነ፦ በሱፍ ልብስ የተሽቀረቀረ ወጣት ድምፃዊ አንዲት እናት ጉልበት ላይ ሲደፋ፣ እሳቸውም ራሱን ዳብሰው ሲመርቁት። ባንዱም ለእያንዳንዱ እጩ ከራሱ ሥራ የተወሰደ አጭር ዜማ አዘጋጅቶ ስለነበር ኮቴ አልተሰማም።

የቀረው የንግግሩ ጉዳይ ነበር። ኦስካር ላይ ለንግግር የሚሰጠው 45 ሰከንድ ሲሆን ካለፈ ሙዚቃው ይነሣል። እኛ አገር በሙዚቃ የታላቅ ሰው አፍ ማስዘጋት ነውር ስለሆነ ሌላ መላ ፈለግን። ከመጨረሻው ሽልማት በፊት ያለውን የመድረክ ሥራ እንደ ላስቲክ የሚሳብና የሚሰበሰብ አደረግነው፤ አምና የቆረጥኳቸውን ተወዛዋዦች ጠርቼ፣ ይቅርታም ጠይቄ፣ ያንኑ ውዝዋዜ ባለ 3 እና ባለ 6 ደቂቃ አድርገው እንዲያዘጋጁት ለመንኳቸው። የትኛው እንደሚቀርብ የሚያውቁት ከመድረኩ ጀርባ ቆመው፣ ከመውጣታቸው አንድ ደቂቃ በፊት ነው። «ዘንድሮም ካልበቃችሁስ?» አለችኝ ያችው ልጅ። ሦስቱን ደቂቃ ማንም አይነካብሽም አልኳት።

ዘጠነኛው ሽልማት የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ ነበር። ተሸላሚው ማሲንቋቸውን ይዘው የመጡ አዛውንት አዝማሪ ሲሆኑ፣ ጋቢያቸው ላይ የሰካነው ትንሽ ማይክሮፎን በተነቃነቁ ቁጥር ይንሿሿ ስለነበር አውልቀን በመቆሚያ ላይ ያለ አዘጋጀንላቸው፤ ይህን ጋቢና ነጠላ ለሚለብስ እንግዳ ሁሉ እመክራለሁ። ስማቸው ሲጠራ ሕዝቡ ተነሣ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ካሜራ 2 የያዘው ልጅ ከፊት ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ያዛቸው። ረዳቴ «70 ሰከንድ አልፏል፣ ወደ ሕዝቡ እንቀይር?» አለኝ። «ተዋቸው፣ አትንካ» አልኩት። 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አንድም ምስል ሳልቀይር ሄዱ።

መድረኩ ላይ ሲደርሱ ዋንጫው ተሰጣቸው። ያላሰብነው ነገር ከባድ መሆኑን ነው፤ በሁለት እጅ ካልያዙት አይቻልም፣ ማሲንቆው ደግሞ ወንበር ላይ ቀርቷል። ዋንጫውን አዩ፣ ወደ ማሲንቋቸው አዩ፣ ከዚያም ያለ አጃቢ በድምፃቸው ብቻ፦

ዋንጫውን ስቀበል እጆቼ ሞሉና፣
ማሲንቆዬ ቀረች ብቻዋን አዝና።

አሉ። አዳራሹ በእልልታ ሲናጋ አንዱ አስተናጋጅ ሮጦ ማሲንቆውን አመጣላቸው፤ ዋንጫውን ለአጋፋሪዋ አሸክመው መጫወት ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ከሰዓቱ ላይ አንሥቼ ነበር። ጨርሰው ሲወርዱ ረዳቴ ወረቀቱን አስልቶ «ሁሉም ከነመንገዱ ገብቶ 7 ደቂቃ ተርፎናል» አለኝ። መድረኩ አካባቢ ያለውን ሥራ ለሚያስተባብረው ለፍሎር ማናጀሩ በኢንተርኮም «ለልጆቹ ንገራቸው፣ ረጅሙን ይዘው ይውጡ» አልኩት።