ከዱብሉቅ እስከ አዳማ፣ በኮርማዎቹ መንገድ

ዱብሉቅ ቦረና ውስጥ፣ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቿ ነው። እኔን ግን የሳበኝ የከብት ገበያዋ ነው።

ደላላው የአንዱን ኮርማ ከንፈር ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ። ሻኛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ዋጋ ጠራ። ሚዛን የፈለገም፣ ወረቀት የጠየቀም የለም። ሁሉም ነገር በዓይን ነው።

ለአዲስ አበቤ ጥሩ በሬ ማለት የተኮላሸ፣ ስብ የጫነ የሐረር ሠንጋ ነው። የውጭ ገዢ ግን ያልተኮላሸ፣ ስቡ ያነሰ ወጣት ኮርማ ይፈልጋል። ግብፆችና የዓረብ ነጋዴዎች የቦረናን ኮርማ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ቁርጥ ወዳዶች ተከፍተው ይሆናል እንጂ ለእኔ ይሄ ጥሩ ዜና ነው፤ ሠንጋው ለእኛ ይቀራል!

መንገዱ ረጅም ነው። ዲላን፣ ሐዋሳን፣ ዝዋይን አልፈን ሞጆ ገባን። የኤክስፖርት ቄራው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። የበሬ ሥጋ አያለሁ ብዬ ነበር፤ የተሰቀለው ግን ፍየልና በግ ነው። እነሱ ቀዝቅዘው በቦሌ በኩል ወደ ዱባይና ጅዳ ይበራሉ። ኮርማው በአብዛኛው በቁሙ ነው የሚሸጠው።

አዳማ ዙሪያ ያሉት ማድለቢያዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ከቆላ ከስቶ የመጣ ኮርማ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ጭድ እየበላ በሦስት ወር ገደማ ይሞላል። ክትባቱን ይወጋል፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ይታሰርለታል፣ ከዚያ ኳራንቲን ይገባል።

«ከዚህ በፊት የት ነበር?» አልኩት የእንስሳት ሐኪሙን።

«ቦረና።»

«ቦረና የት?»

ሳቀ። «ቁጥሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።»

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አፍተግር የሚባለው ተላላፊ የከብት በሽታ ባለበት አገር፣ ከብቱ የት እንደተወለደና በየት እንዳለፈ ካልታወቀ፣ የአውሮፓ ገበያ አይታሰብም። ቦትስዋና የከብቷ ብዛት ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ግን የበሽታ ቀጠናዎቿን በሽቦ አጥር ለይታ፣ ለእያንዳንዱ ከብት መለያ ሰጥታ ለአውሮፓ ሥጋ ሸጣለች።

እኛስ አቅቶን ነው? ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በፈረንጆቹ 2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። አፋር ድረስ ክትባቱን ያደረሱት ከአርብቶ አደሩ መሀል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። እነሱ የጆሮ ቁጥር ዱብሉቅ ላይ ማሰር አያቅታቸውም አልኩት ሐኪሙን።

«ማሰሩስ ቀላል ነው» አለኝ። «ወጪውን ማን ይችላል? አርብቶ አደሩ እንዳይባል፣ ቁጥር ስላለው ደላላው ብር አይጨምርለት።»