የፓርክ ዕቅድ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል? መልሱን የሚወስነው ስም ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ነው

የአንድ ብሔራዊ ፓርክ ዕቅድ በወንዱና በሴቷ፣ መሬት ባለውና በሌለው፣ በሚከበረውና በሚገለለው ላይ እኩል ያርፍ እንደሆነ እንድመዝን የተቀጠርኩት ዕቅዱ ተጽፎ፣ ካርታው ቀለም ተቀብቶ፣ የሽፋኑ ፎቶ ሳይቀር ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ልትይዙ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ገንዘብ ሰጪው «ግምገማ ተካሂዷል» የሚል ምዕራፍ ስለጠየቀ ብቻ ከተጠራችሁ፣ የተፈለገው ምዕራፉ እንጂ ግምገማው አይደለም። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ፓርኩን በስም አልጠራውም። ደጋ ነው፤ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና ጭላዳ ያለበት። ከዚህ በላይ ብናገር ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ።

ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። ዕቅዱን አነበብኩ፣ ካርታውን ከቀበሌ ወሰን ጋር አስተያየሁ፣ የወረዳውን ደብዳቤ ይዤ ወረድኩ። ሕጉንም አገላበጥኩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝቡ በሚነካው ጉዳይ ላይ እንዲመክር፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለም ሆነ ኑሮው የተነካ ሰው ማካካሻ እንዲያገኝ ይላል። «ኑሮው የተነካ» የምትለዋን አስምሩባት። የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ የሚነሳው ከባለይዞታው ነው። የወል መሬትንም ያነሳል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ዞሮ ዞሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ሰው በር ላይ ነው የሚቆመው። የእኔ ራስ ምታት በሙሉ የተወለደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ከመውረዴ በፊት የሌሎቹን ፓርኮች ታሪክ ማንበቤ በጣም ጠቅሞኛል፤ የሥልጠና መመሪያ ከማንበብ ይበልጣል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። አዋሽ ፓርክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲከለል አርብቶ አደሮቹ ከረዩዎች ግጦሻቸውን አጡ፤ በዚያው ዘመን የስኳር እርሻው ደግሞ የወንዙን ዳር ወሰደባቸው። ሁለቱ ዕቅዶች ለየብቻ ቢገመገሙ እያንዳንዳቸው «መጠነኛ ጉዳት» ተብለው ያልፉ ነበር፤ አንድ ሕዝብ ላይ ሲደራረቡ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ነጭ ሳር ላይ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ኮሬዎች እንዲነሱ ተደረገ፣ የጉጂዎች ቤቶች ተቃጠሉ፤ ፓርኩን ሊያስተዳድር የገባው የውጭ ድርጅትም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለቆ ወጣ። ስሜን ተራሮች በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ፤ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፓርኩ ውስጥ ከነበረው ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነስተው ደባርቅ አካባቢ ሰፍረው ነበር። ዓለም ያጨበጨበው ለዋሊያው ነው። አጨብጭቡ፤ ግን ከግጭ የተነሳው ሰው በምን መዝገብ ተቆጠረ ብላችሁም ጠይቁ።

የመንዝ ጓሳን እንደ መልካም አርአያ የሚያነሳልኝ ሰው አላጣሁም። እውነት ነው፣ ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባለው ነባር የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ዘግቶ እየከፈተ ጠብቆታል፤ የትኛውም ዘበኛ ያንን ያህል አልጠበቀም። ነገር ግን ሣሩ የሚደርሰው ከአቅኚዎቹ አባቶች ከአስቦና ከጌራ ዘር ነኝ ላለ ሰው ነበር። «ማኅበረሰቡ ያስተዳድረው» ሲባል ልቤ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ግን የትኛው ማኅበረሰብ እላለሁ።

አሁን ወደ ስም ዝርዝሩ።

ማንኛውም መመሪያ «ዕቅዱ የሚነካቸውን ወገኖች ለዩ» ብሎ ይጀምራል። ወረዳው ለየሁ ብሎ የሰጠኝ ከመሬት ግብር መዝገብ የተገለበጠ ስም ነው። የአማራ ክልል የመሬት ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት፣ ለሴቶች ትልቅ ነገር ያመጣ ደብተር ነው። እዚህ ግን ደብተሩ ወደ ዝርዝር ሲገለበጥ የተጻፈው የባልየው ስም ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ቦታ እንዳይፈጅ» ተባልኩ። ሰው የሚነቀልበት ዝርዝር ላይ የወረቀት ቁጠባ! ሚስቶቹ እንኳ ቢጨመሩ የሰው መሬት በመጋዞ የሚያርሰው አልነበረበትም፤ የተፈታች ወላጆቿ ቤት ያለች ሴትም፣ መሬት ሳይደርሰው ቀርቶ ማገዶ ሸጦ የሚያድረው ወጣትም አልነበሩም።

ከዝርዝሩ ጋር ቃለ ጉባኤ ተያይዟል። ሕዝቡ ተሰብስቦ መክሮ ዕቅዱን በሙሉ ድምፅ ደግፏል፤ ከፈረሙት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ያማረ ነው። ከጣት አሻራዎቹ ብዛት የተነሳ ወረቀቱ ሐምራዊ ሆኗል። ቀኑን አይቼ ቀበሌው ውስጥ ሰው ስጠይቅ ለካ የሴፍቲኔት ክፍያ የነበረበት ቀን ነው። አንዷን እናት በዚያ ቀን ምን እንደፈረሙ ብጠይቃቸው «ብሬን ተቀብዬ ነዋ!» አሉኝ። ሁለት ወረቀት ነበር፤ ሁለቱም ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል፤ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ያነበበላቸው የለም።

የሚመለከተውን ኃላፊ ስለዚህ ጠየቅሁ። ሊደብቅ እንኳ አልሞከረም። «እታለም፣ ለብቻው ብንጠራቸው እኮ አይመጡም» አለኝ፤ ሰው በሚገኝበት ቀን ስብሰባ መያዝ ብልሃት ነው ባይ ነው። እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይህ መልሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቅጹ ላይ ፊርማ የሚል ሣጥን አለ፣ ሣጥኑን ሞላ። ቅጹን የሠራው፣ ከበላይ ሆኖ ያጸደቀው፣ «የሴቶች ተሳትፎ አመርቂ ነው» ብሎ ሪፖርት የጻፈው ሁሉ ከእሱ የባሱ ናቸው።

ዝርዝሩን ትቼ በእግር መሄድ ጀመርኩ። ካርታው ላይ በቡናማ የተቀባና «የተራቆተ መሬት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቁልቁለት አለ። ዕቅዱ ከሰውና ከከብት ንክኪ ዘግቶ እንዲያገግም ሊያደርገው ነው። ቦታው ላይ ስደርስ ጎርፍ የቦረቦረው አይደለም፤ በዶማ የተቆፈሩ፣ የሰው ወገብ የሚደርሱ ጉድጓዶች ናቸው። የሸክላ አፈር የሚወጣባቸው።

ሸክላ ሠሪዎቹ ከቀበሌው ማዕከል ወረድ ብሎ ካለች ጎጥ ናቸው። አብዛኞቹ መሬት የላቸውም፤ ጥንትም አልተሰጣቸውም፣ በኋላም ሲከፋፈል በአብዛኛው ዳር ዳሩን ነው ያገኙት። ቡዳ ይባላሉ። ያገኘኋቸው አንዲት እናት የተሰበረ ገል ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከጭቃው ጋር በእግራቸው እየረገጡ ነበር፤ ገሉ ካልገባበት ምጣዱ እሳት ላይ ይሰነጠቃል አሉኝ። ያ አፈር ደግሞ ከየትም አይገኝም፤ ከዚያ ቁልቁለት ብቻ ነው። ስብሰባ ተጠርተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እኛን ማን ይጠራናል ልጄ? ጀበናውን ይገዙናል እንጂ አብረውን ቡና አይጠጡ።» የሴፍቲኔት ተጠቃሚም ስላልነበሩ የዚያ ቀን ሐምራዊ ወረቀት ላይ እንኳ የሉም።

ዕቅዱ የጭካኔ ዕቅድ አይደለም፤ ለአካባቢው ሰው በፈቃድ የሚከፈት ወቅት አለው። የሚከፈተው ግን በጥቅምትና በኅዳር፣ ለሣር አጫጅ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈር የምታወጣው ጉድጓዱ ውሃ ሲለቀው፣ በበጋው ነው። እኔም ተቀምጬ አንድ ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ ወደ ታች ሰዎቹን፣ ወደ ጎን ወራቱን፣ በየሣጥኑ ማን ከፓርኩ ምን እንደሚያወጣ። ከዚያ ዕቅዱ የሚዘጋቸውን ወራት በቀይ ቀባሁ። ሁለት በሬና ደብተር ያለው አባወራ ላይ ጥቂት ቀይ አረፈ። የሸክላ ሠሪዎቹ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ከምዕራፌ ውስጥ ዋጋ ያለው እሱ አንድ ገጽ ነው፤ የተቀረው ለወጉ የተጻፈ ነው።

ጥቅሙ በኩልም ያው ነው። ቱሪስት ሲመጣ በቅሎ በተራ ይጫናል፤ ተራ የሚይዘው ግን በቅሎ ያለው ነው። ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ለመሆን የትምህርት ማስረጃ ይጠየቃል። ለሴቶች የቀረው ምግብ ማብሰልና እደ ጥበብ መሸጥ ሲሆን፣ ዕቅዱ በፎቶ ያስጌጠው ያ «እደ ጥበብ» ሸክላ መሆኑ አያናድድም? አፈሩን ዘግቶ ጀበናውን ለቱሪስት ሊሸጥ።

ረቂቁን ሳቀርብ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ መሬት የሌለው ሰው መሬት አይወሰድበትም፣ ስለዚህ አልተነካም። ሌላው ደግሞ በደግነት መንፈስ «እነሱን ነጥለሽ ከጻፍሽ መገለላቸውን ታባብሻለሽ» አለኝ። ይኼኛው ክርክር ደጋግሞ ይመጣባችኋል፤ ተዘጋጁበት። እኔ የመለስኩት ዕቅዱ አስቀድሞ ነጥሏቸዋል፣ እኔ የጻፍኩት የት ላይ እንደነጠላቸው ነው ብዬ ነው። ሠንጠረዡ ከዋናው ጽሑፍ ወጥቶ ወደ አባሪ ሄደ። በመጨረሻው እትም አባሪው አልታተመም። ስልክ ብደውል ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ነገር ብቻ ተረፈ፤ «ነባር የሸክላ አፈር አጠቃቀም በፈቃድ ይቀጥላል» የምትል ዓረፍተ ነገር። እሷም የተረፈችው አንድ የፓርኩ ባለሙያ ስብሰባ ላይ ሙጭጭ ስላለባት ነው። ፈቃዱ ከከተማ የሚወጣ ሲሆን የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ደግሞ ያው ስብሰባ ያልጠራቸው ቀበሌ ነው። ድል ነው ብዬ አላወራም። ባዶም አይደለም፤ ስካውቱ ሲያስቆማቸው የሚያሳዩት ነገር አላቸው።

ልትጀምሩ ላላችሁ የምላችሁ፣ መመሪያዎቹ ከሚሉት ጋር ባይገጥምም፣ ይህ ነው። «የሴቶች ቡድን ውይይት» አድርጉ ይላል መመሪያው። ቀበሌው የሚሰበስብላችሁ የሴቶች ቡድን የፓርቲው የሴቶች ሊግ አባላትና የልማት ቡድን መሪዎች ናቸው፤ የምትሰሙት ሪፖርት ነው። ምንጭ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አነጋግሩ። «የማኅበረሰብ ተወካይ» የሚባለውን ሰው በአክብሮት ሰላም በሉና እለፉ። መሣሪያ ከያዘ ስካውት ጋር ሆናችሁ ስለማገዶ አትጠይቁ፤ ማገዶ የሚለቅም ሰው አታገኙም፣ መንደሩ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚያበስል ይመስላችኋል። አበል ከከፈላችሁ ለሁሉም እኩል ክፈሉ፤ ካልሆነም ለማንም አትክፈሉ። ካርታው ላይ «የተራቆተ»፣ «ባዶ»፣ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» የተባለ ቦታ ሁሉ ላይ በእግራችሁ ድረሱ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ኑሮ ያለው እዚያ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ስም ዝርዝሩን እናንተ ራሳችሁ እንደምታዘጋጁ፣ አባሪዎች ከዋናው ጽሑፍ ጋር ሳይነጣጠሉ እንደሚታተሙ፣ የማጠቃለያው ክፍል ያለ እናንተ ፊርማ እንደማይለወጥ። «ይህ ያልተለመደ ነው» ይሏችኋል። ካልተስማሙ ሥራውን ልቀቁት፤ ከፈለጉ ያን ምዕራፍ ራሳቸው ይጻፉት።