ከደም ሥሩ ላይ የተለጠፉትን ህዋሳት ለማየት የፈጀብኝ ስምንት ወር

በአጥንት ውስጥ የደም ሥር ህዋሳትና ከበሽታ መከላከያ ህዋሳት ወገን የሚወለዱት፣ አጥንት በላ የሆኑት ኦስቲዮክላስቶች እንዴት እንደሚጎራበቱ በዓይኔ ለማየት ስነሣ፣ ለመመረቂያ ጥናቴ ሁለት ወር ይበቃኛል ብዬ ነበር። መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን፣ ሙንስተር ከሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም የወጣ ግኝት ነው። በግኝቱ መሠረት የአጥንት ደም ሥሮች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ሲዲ31 እና ኢንዶሙሲን የተባሉትን ፕሮቲኖች አብዝተው የያዙት፣ «ኤች» የሚባሉት ደም ሥሮች አጥንቱ በርዝመት ከሚያድግበት ልም አጥንት ሥር ይደረደራሉ፤ አጥንት ሠሪ ህዋሳትም ከበዋቸው ይገኛሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይመናመናሉ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ችኮላ ነበር። ካልሲየሙ ያልወጣለትን አጥንት ምላጭ በስሱ ሊቆርጠው ስለማይችል፣ የአይጧን ጭን አጥንት በሰዓታት ውስጥ የሚያለሰልስ አሲድ ውስጥ ነከርሁት። አጥንቱ እንደ ላስቲክ ተጣጠፈልኝና ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ ኦስቲዮክላስቶችን አቅልቶ የሚያሳየው የትራፕ ማቅለሚያ አንዲት ቀይ ነጥብ እንኳ አልሰጠኝም፤ ምክንያቱም ማቅለሚያው የሚሠራው በህዋሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሳይበላሽ ከቆየ ብቻ ሲሆን፣ አሲዱ ደግሞ ኢንዛይሙን አጥፍቶት ነበር። ሦስት ሳምንት ማቅለሚያውን ስወቅስ ከረምሁ። በመጨረሻ የቤተ ሙከራው አንጋፋ ባለሙያ የጠርሙሴን ጽሑፍ አንብበው፣ ምንም ሳይናገሩ ካልሲየምን ከአጥንት ቀስ ብሎ የሚያወጣውን ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል የያዘ ዕቃ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ኢዲቲኤ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀናት ይፈጃል፤ ኢንዛይሙን ግን አይነካም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይበልጥ አሳሳች ነበር፤ በ7 ማይክሮሜትር ቆርጬ ስመለከት ደም ሥሮቹ የተበታተኑ ቀለበቶች፣ ኦስቲዮክላስቶቹም የብቻቸው ደሴቶች መስለው ስለታዩኝ፣ ግንኙነት የላቸውም ብዬ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር። ናሙናውን በጄላቲን አቀዝቅዤ በ80 ማይክሮሜትር ስቆርጠው ግን ሥዕሉ ተለወጠ። ደም ሥሮቹ እንደ አምድ ተሰልፈው ጫፋቸው ላይ እንደ ቅስት ይጋጠማሉ፤ ብዙ ኑክሊየስ ያላቸው ኦስቲዮክላስቶችም ከግድግዳቸው ላይ ተለጥፈዋል።

ኦስቲዮክላስት አጥንት ከመብላት በቀር ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን ከደም ሥር ጋር የተጣበቁት ኦስቲዮክላስቶች ደም ሥሮች እርስ በርስ እንዲጋጠሙ እንደሚያግዙ፣ ልም አጥንቱን የሚያፈርሱት ደግሞ ኢንዛይም የሚያመነጩት የደም ሥር ህዋሳት ራሳቸው እንደሆኑ አሳይቷል። ነገሩ የአንድ ወገን ውለታም አይደለም፤ የደም ሥር ህዋሳት ራንክል የተባለውን ፕሮቲን አመንጭተው ኦስቲዮክላስቶቹ እንዲፈጠሩ ሲረዱ፣ ገና ያልበሰሉት ኦስቲዮክላስቶች በበኩላቸው ፒዲጂኤፍ-ቢቢ በተባለ ፕሮቲን የኤች ደም ሥሮችን ያበዛሉ። ለአጥንት መሳሳት በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ የሚያግደው ይህንኑ ራንክል ነው።

ወፍራም ቁራጭ የራሱ ጣጣ አለው። የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘውና በብርሃን እንዲታይ የሚያደርገው ፀረ እንግዳ አካል እስኪዘልቅ ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልጋል፤ ቀይ የደም ህዋሳትም ያለ ማቅለሚያ ያበራሉ። በኩራት ለአማካሪዬ የላክሁት የመጀመሪያ ሥዕል የእነርሱ ብርሃን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከየናሙናው አንድ ቁራጭ ዋናውን ፀረ እንግዳ አካል ሳልጨምርበት አስቀራለሁ፤ ማይክሮስኮፑ ሥር የማስቀድመውም እሱን ነው።